መልስ፦ ሦስቱ «ግሪዶች» አንድ ናቸው ወይ?

እህቴ፣ «ግሪድ የሚለውን ቃል በመብራትም፣ በአንጎልም፣ በኮምፒውተርም ጥናት ውስጥ አገኘሁት፤ ነገሩ አንድ ነው ወይ?» ብለሽ ከደብረ ማርቆስ ጠይቀሻል። አይደለም፤ ሁለቱ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

በየቦታው ያሉ ኮምፒውተሮችን አገናኝቶ እንደ አንድ የሚያሠራው የኮምፒውተሩ ግሪድ (መረብ) ስሙን የወሰደው ከመብራቱ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰካ ሰው ኃይሉ ከጣና በለስ ይምጣ ከሌላ የኃይል ማመንጫ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ ተመራማሪም ስሌቱ በየትኛው ኮምፒውተር እንደሚሠራ ሳይጨነቅ ይጠቀም የሚል ሐሳብ ነበር። ልዩነታቸው ከባድ ነው፦ ስሌት ወረፋ ይጠብቃል፣ መብራት አይጠብቅም። እናንተ ዘንድ አንድ ወፍጮ ሲነሣ ያንኑ ያህል ኃይል ወዲያው መመንጨት አለበት፤ አለዚያ የመብራቱ ሞገድ በሴኮንድ የሚደጋገምበት መጠን ከ50 ጊዜ (50 ኸርዝ) በታች ይወርዳል።

የአንጎሉ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ የሞዘር ባልና ሚስት ቡድን፣ አይጥ ወለል ላይ ስትንቀሳቀስ በአንጎሏ ያለ፣ በኋላ «ግሪድ ሕዋስ» የተባለ አንድ የነርቭ ሕዋስ የት የት እንደሚነቃ ነጥብ በነጥብ መዘገበ። የጎጃምን የማር እንጀራ ከቀፎ ሲወጣ አይተሽ ከሆነ፣ ነጥቦቹ ልክ እንደ ዓይኖቹ እምብርት ተደርድረው ተገኙ። መረቡ ያለው በሽቦ ወይም በሕዋሶቹ አሰላለፍ ሳይሆን አይጧ በረገጠችው ወለል ላይ ነው። ለዚህ ግኝት በ2014 እ.ኤ.አ. ባልና ሚስቱ ከሌላው የአንጎል ተመራማሪ ከጆን ኦኪፍ ጋር ኖቤል ተሸልመዋል።