ባለቤቴ «ካርቶኑን እንዳለ ጣይው» ይለኛል

ጥያቄ፦ ትዳር ከመሠረትን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ድሮ የፍቅር ጓደኛዬ የነበረ ሰው የጻፈልኝን ደብዳቤዎች፣ የተማሪነት ደብተሮቼንና በሞት የተለየችኝን የታላቅ እህቴን ሻርፕ በአንድ ካርቶን አስቀምጬ ነበር። ባለቤቴ ደብዳቤዎቹን አግኝቶ ካነበበ ወዲህ ሰላም የለንም። ሰውየውን አልፈልገውም፤ ካርቶኑን ልጥል ስነሣ ግን እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካርቶኑን ዛሬ አይጣሉት። ፍቅርን ለማስመስከር በጭቅጭቅ መሐል የተጣለ ዕቃ ቂም ይተካል፤ በሌላ ቀን ጠብ «በአንተ ምክንያት» ተብሎ ይነሣል።

እጅዎ እምቢ ስላለ የድሮውን ሰው ይወዱታል ማለት አይደለም። ሰው ዕቃውን የማንነቱ ክፍል አድርጎ እንደሚይዝ የሸማቾችን ጠባይ ያጠናው ራስል ቤልክ በ1988 (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ጽፏል። ምናልባት የሚሳሱት ለጸሐፊው ሳይሆን ያኔ ደብዳቤው ይደርሳት ለነበረችው ወጣት ነው። እሷን ለመሰናበት ደግሞ ማንም ሊያጣድፍዎ አይገባም።

ችግሩ የማይገናኙ ነገሮች አንድ ካርቶን ውስጥ መግባታቸው ነው። ሻርፑን ያውጡትና ለብቻው ያስቀምጡ፤ ለክርክርም አያቅርቡት። ሐዘንተኛ ከሟች ጋር ያለውን ትስስር መቁረጥ አለበት የሚለው የቆየ አመለካከት፣ ስለ ሐዘን ያጠኑት ዴኒስ ክላስና ባልደረቦቹ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ካሳተሙት ሥራ ወዲህ ብዙ ተቀባይነት አጥቷል። ደብተሮቹ ቀላል ናቸው። የሚወዷቸውን ገጾች ፎቶ አንሥተው ቀሪውን ያስወግዱ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት እንዳሳየው ትዝታ ያለበትን ዕቃ ፎቶ ያነሡ ሰዎች ዕቃውን ለመለገስ ይቀላቸዋል፤ ትዝታው አብሮ የሚሄድ አይመስላቸውምና።

ደብዳቤዎቹን ግን ፎቶ አያንሡ። ካርቶኑን ወደ ስልክዎ ማዛወር ይሆናል፤ ባለቤትዎም ስልክዎን መጠርጠር ይጀምራል። እኔን ከጠየቁኝ ቢወገዱ እመርጣለሁ፤ ይህን ግን ጠብ በሌለበት ቀን፣ በራስዎ ውሳኔና በራስዎ እጅ ያድርጉት። ዝግጁ ካልሆኑም «ጊዜ ስጠኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ባለቤትዎን «ቀናተኛ ነው» ብለው አይለፉት። ከእርስዎ አፍ ሳይሰማ በድንገት ማግኘቱ ይመስለኛል ይበልጥ የጎዳው። ስለ ዕቃው ከመከራከርዎ በፊት «ሳልነግርህ ማስቀመጤ እንደጎዳህ ገብቶኛል። ስታነባቸው ምን ተሰማህ?» ብለው ይጠይቁት፤ መልሱንም ሳያቋርጡ ይስሙት። ብዙ ባሎች እዚህ ላይ ይለዝባሉ።

ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም የእህትዎ ሻርፕ ጭምር ይጣል ካለ፣ ወይም ዕቃዎን በድብቅ መፈተሹን ከቀጠለ፣ ጉዳዩ ከደብዳቤ አልፎ የመተማመንና የመቆጣጠር ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው። ያኔ ሁለታችሁም አብራችሁ የትዳር አማካሪ ብታዩ ይሻላል፤ እሱ አልሄድም ቢል እንኳ እርስዎ ብቻዎን ይሂዱ።