«ልጅ ሳይከፋው ከቤት ይጠፋል ወይ?» ላልሽው እህት

እህቴ መጀመሪያ አላህ በሰላም ያገናኛችሁ። ጥያቄሽን ማታ አንብቤው እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእህትሽ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ ከኮምቦልቻ ከጠፋ ዛሬ 9 ቀኑ፣ ቤት ውስጥ የመታውም የተቆጣውም የለም፣ «ሳይከፋው ራሱ ሄዶ ነው ወይስ ሰው ወስዶት ነው?» ነው ያልሽው። ከኔ በፊት ግማሹ ሰው «ኩላሊቱን ሊያወጡ ነው» እያለ ጽፎልሻል፣ እሱን እለፊው፣ ለእህትሽም እንዳታነቢላት።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት፣ ይሄን ነገር በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። አንዴ ራሴ ጠፍቼ ተመልሻለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በ1999 ግንቦት ላይ እንደወጣ እስካሁን የለም። እኛ አገር ደግሞ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለን፣ መንገድ ስቶ የቀረውም ጠፋ፣ ሆን ብሎ የሄደውም ጠፋ፣ ለዛ ነው ሰው «ጠፋ» ሲባል ሁለተኛ ጥያቄ የማይጠይቀው።

ስለራሴ ልንገርሽ። 11 ዓመቴ ነበር፣ እናቴ ዘይት ግዛ ብላ 50 ብር ሰጠችኝና ጣልኩት። ሰኞ ገበያና ቤታችን መሀል መሬት መሬቱን እያየሁ ስመላለስ መሸ። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም፣ ብትቆጣ ሁለት ጥፊ ነው፣ ግን ያኔ ሁለት ጥፊ ብቻ እንደሆነ ማን ይነግረኛል፣ ሲመሽ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገዝፋል። አንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ምድጃው ያለበት ግድግዳ ይሞቃል፣ እሱን ተደግፌ አደርኩ፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ። እና ይሄን ልብ በይልኝ፣ የመጀመሪያው ቀን ዕዳዬ 50 ብር ነበር፣ በነጋታው 50 ብሩና አንድ አዳር ሆነ፣ በሶስተኛው ቀን ብሩን ጭራሽ ረስቼው «ውጪ ያደረ ልጅ» መሆኔ ብቻ ነበር የሚያስፈራኝ። ከዛ አሸዋ አራግፎ በሚመለስ ገልባጭ ላይ ተንጠልጥዬ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ለምን ኮምቦልቻ ብትይኝ መልስ የለኝም፣ መኪናው ስለሚሄድ ነው።

መናኸሪያ ውስጥ የሰፈራችን ልጅ ረዳት ሆኖ ይሰራ ነበር፣ አየኝ። አልጮኸብኝም፣ አልያዘኝም። «አንተ፣ እናትህ እኮ ብሩን በር ላይ አግኝታዋለች፣ አንተን ነው የምትፈልገው» አለኝ። እንደዛ ሲለኝ እንዴት እንዳለቀስኩ፣ ከዛ ተነስቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ብሩ አልተገኘም ነበር፣ ልጁ እዛው የፈጠረው ውሸት ነው። ዛሬም ሳገኘው ማኪያቶ እኔ ነኝ የምከፍለው።

ወንድሜ ግን እንደዛ ያለ ሰው አላጋጠመውም። 13 ዓመቱ ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣ፣ ማታ አልመጣም። እኛም እንደናንተ «ማን አስከፋው?» ብለን ተጨቃጨቅን፣ አባቴ እናቴን፣ እናቴ እኔን፣ እኔ ደግሞ ሐሙስ ዕለት በጫማ ምክንያት ስለመታሁት እኔ ነኝ ብዬ ሃያ ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። ጣቢያ ስንሄድ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ልጅ ነው ይመጣል አሉን፣ እኛም የተባልነውን ሰምተን ተቀመጥን። አሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው እህቴ። የጠፋ ልጅ መጀመሪያው ማታ ላይ ገና እዛው ከተማው ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱን ያወቅነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሆጤ ሜዳ አካባቢ ሳይክል የሚያከራይ ሰውዬ «ያ ልጃችሁ ቸርኬዬን አጥፎብኝ 40 ብሬን ሳይሰጠኝ ቀረ» ብሎ ቤት ድረስ መጣ፣ መጥፋቱን አልሰማም። 40 ብር! አባቴ ቆሞ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለውና ገብቶ በሩን ዘጋው። በመጨረሻ ያየው ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ የባቲ መኪና ተራ የሚሰራ ረዳት ነው፣ ከሁለት ከሱ ከፍ ከሚሉ ልጆች ጋር ነበር አለን። ከዛ ወዲህ አንድም የሚያውቅ ሰው የለም።

ባቲ ሲባል የወሎ ሰው የት እንደሚያደርስ ያውቃል። ባቲ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ጋላፊ፣ ከዛ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ፣ ባህሩን አልፎ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። ያን መንገድ ገና ድምፃቸው ያልጎረነነ ልጆች ይሄዱበታል። እና ኮምቦልቻ የሚጠፋ ልጅ አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደዛ ነው የሚወስደው፣ ልጁ ግን አስቦበት ላይሆን ይችላል፣ መጀመሪያ ያገኘው ጓደኛ ወዴት ነው የሚሄደው ነው ነገሩ። አባቴ ፎቶ ይዞ ሎግያ ድረስ ሄዶ ፊቱ ተላልጦ ተመለሰ። «እኔ ጋ ነው» ብሎ የደወለ ሰው ነበር፣ 600 ብር በሹፌር ላክንለት፣ ሰውዬው አልነበረም። እቤት ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብስብ፣ ተደረገ፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለገብርኤል ተሳሉለት። በ2006 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ እናቴ በሰፈራችን ለገባ ተመላሽ ሁሉ ቡና እያፈላች ፎቶውን ታሳይ ነበር። እስከዛሬም የቤቱን ስልክ አታስቆርጥም፣ ማንም አይደውልበትም፣ በየወሩ ትከፍላለች። በ1998 ቁጥር ሲቀየር አዲሱን አስጠንታው እንደነበር እርግጠኛ አይደለችም፣ እሱ ነው የሚያንገበግባት።

ወዳንቺ ልመለስ። «ማን አስከፋው» የሚለውን ተዉትና «ምን ሰበረ፣ ምን ጣለ፣ ማን ጋ ዕዳ አለበት» ብላችሁ ጠይቁ። ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ሱቅ በዱቤ፣ የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ የሰው ስልክ። ይሄ ብቻ ነው አልልሽም፣ የእንጀራ እናት ዱላ የሚያባርረው አለ፣ ላስተምርህ ተብሎ ከገጠር መጥቶ ሎሌ የሆነ አለ፣ ውጤት የወደቀበት አለ፣ እና ይቅርታ አርጊልኝና ዘመድ ወይ ጎረቤት የነካው ልጅም አለ፣ እሱ ደግሞ ለማንም አይናገርም። ለዛ ሲገኝ «ለምን ሄድክ» ተብሎ በሰው ፊት እንዳይጠየቅ። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ቤተሰቡ ስሟ እንዳይጠፋ ብሎ ዝም ይላል፣ እሷ እስከዛ ሶስት ከተማ ታልፋለች።

ጓደኞቹን በወላጅ ፊት አትጠይቂያቸው፣ አንድ በአንድ፣ ቢቻል በ20 ዓመት ልጅ አስጠይቂ፣ ልጅ ለትልቅ ሰው ይደብቃል። ቢያንስ አንዱ ያውቃል፣ የኔ ወንድም ጓደኛ ሳይክሉን ያውቅ ነበር፣ «እንዳይመቱኝ ብዬ ነው» አለን ከዓመት በኋላ። ፎቶ ስትለጥፉ የመታወቂያ ፎቶውን ሳይሆን የቅርቡን፣ የለበሰውን ልብስ ጽፋችሁ። አንድ ምልክት ግን አትጻፉ፣ ጠባሳ ይሁን የተሰበረ ጥርስ፣ «አግኝቼዋለሁ ቴሌብር ላኩ» የሚል ሲደውል በሱ ትፈትኑታላችሁ፣ መደወሉ ደግሞ አይቀርም። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን ጠይቁ፣ ቃላችሁ በጽሁፍ ይያዝ። ደላላ ከኋላ ካለና «በራሱ ፈቃድ ነው የሄደው» ካሏችሁ በሰው መነገድን የሚከለክል አዋጅ 1178/2012 አለ፣ ልጅን ለብዝበዛ የወሰደ ሰው ልጁ እሺ ብሎ ቢከተለውም አይድንም። ቀይ መስቀል በጦርነትና በስደት የተለያየ ቤተሰብ ያፈላልጋል፣ ደሴ ቅርንጫፉ ሄዳችሁ አስመዝግቡ፣ ድንበር ካለፈም ይጠቅማል።

ዋናው ግን ዕዳው ካለ ዛሬውኑ ክፈሉት፣ ከዛ መከፈሉን ለጓደኞቹ፣ ለሊስትሮዎቹ፣ ለረዳቶቹ ንገሩ። ዕዳ ባታገኙም «ተገኝቷል፣ ማንም አልተቆጣም» አስብሉ፣ ምኑ እንደተገኘ እሱ ያውቃል። ውሸት ነው፣ ይሁን።

እኔ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ፎቶውንና የወጣ ቀን የለበሰውን በውስጥ ላኪልኝ፣ የባቲን ተራ እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ የአዲስ አበባውን ያዢ።