ትኬቴ ጠፋብኝ፣ የት ልፈልገው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ ከሥራ ስመለስ 395 አውራ ጎዳና ላይ፣ ሽርሊንግተን አካባቢ፣ የስቴት ፖሊስ አስቆመኝ። «55 ማይል በሚለው መንገድ 76 ስትነጂ ነበር» አለኝ። የፍጥነት ክስ ወረቀት (ትኬት) ሰጠኝ፣ ፈረምኩ። መኪናው ኪስ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ልጆቹ ይሁኑ እኔ እንጃ፣ አሁን የለም። የቀጠሮውንም ቀን አላስታውሰውም። ባለቤቴ «ኦንላይን ክፈይና ተገላገይ» ይለኛል። በስሜ ስፈልግ ግን ምንም አይመጣም። አንድ ጓደኛችን ሞክሮ አገኘሁት አለ፤ እሱም ቢሆን የመክፈያው ቦታ አልመጣለትም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት አመልክቼ የመንጃ ሪከርድ አምጪ ተብያለሁ። የዜግነት ማመልከቻም አስገብቻለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳንም ሳትከፍይ ጻፍሽልኝ። መፈረምሽ አያስጨንቅሽ። ፊርማው «በቀጠሮዬ እገኛለሁ» ማለት እንጂ «አጥፍቻለሁ» ማለት አይደለም። መክፈል ግን ሌላ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ትኬትን አስቀድሞ መክፈል ጥፋትን ማመን ነው። ይህን የማውቀው ደርሶብኝ ነው። ከደላስ አየር ማረፊያ ታክሲ በምነዳበት ዘመን አንድ ትኬት ደረሰኝ። ከሥራ ላለመቅረት ብዬ ቼክ ጽፌ በፖስታ ላክሁና ረሳሁት። ኢንሹራንሱ ሲታደስ ዋጋው ለምን እንደጨመረ ስጠይቅ፣ ያቺው ትኬት ናት። ዳኛ ፊት ቀርቤ አንዲት ቃል ሳልናገር ራሴ ላይ ፈርጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዎችን ይዤ ፍርድ ቤት የምመላለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የመክፈያው ቦታ አለመምጣቱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፍሽ፣ ወይም የትም ቦታ ይሁን ከ85 በላይ ከነዳሽ፣ ክሱ ተራ የፍጥነት ትኬት መሆኑ ይቀርና «ሬክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት) ይሆናል። አንቺ በ21 አልፈሻል። 74 ብትሆኚ ኖሮ ተራ ትኬት ነበር። ሬክለስ ደግሞ ኦንላይን ተከፍሎ አይዘጋም፤ ዳኛ ሊያየው ግድ ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ትኬት የሚፈለገው በምትኖሪበት ከተማ ሳይሆን በተያዝሽበት ቦታ ፍርድ ቤት ነው። 395 አጭር መንገድ ቢሆንም የሦስት ፍርድ ቤቶችን ክልል ይነካል። ኤድሳል ሮድ ላይ ከሆነ ፌርፋክስ ነው። ሴሚነሪ ሮድ ከሆነ አሌክሳንድሪያ። ሽርሊንግተን ከሆነ አርሊንግተን። አንቺ ያልሽው ቦታ ድንበሩ ላይ ስለሆነ አርሊንግተንንም አሌክሳንድሪያንም እይ። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ «ጄነራል ዲስትሪክት ኮርት» የሚለውን (የትራፊክ ክስ መጀመሪያ የሚታይበትን ፍርድ ቤት) ግቢ። አንዱን ፍርድ ቤት መርጠሽ መፈለግ ትችያለሽ፤ ብዙዎቹን ባንድ ጊዜ የሚፈልግም አለ። ክፍያ የለውም።

በስምሽ አልመጣም ያልሽው ግን አይገርመኝም። የእኛ ሰው ትኬት የሚጠፋው እዚሁ ላይ ነው። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነን። የእነሱ ኮምፒውተር የሚፈልገው የቤተሰብ ስም ነው። መንጃ ፈቃድሽ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያትሽ ስም ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ደግሞ በአባትሽ ስም እየፈለግሽ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ሄጄ ነበር። የአባቱ ስም ወልደ ማርያም ነው። ቤቱ ሆኖ አንድ ሳምንት ፈልጎ አጥቶታል። መስኮቱ ጋ ያለችው ጸሐፊ «ማርያም»ን ለብቻው ጻፈችና ወዲያው ወጣ። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ያለበት ስም ሁሉ እንዲህ ነው። አንዳንዴ ተጣብቆ፣ አንዳንዴ ተለያይቶ ይገባል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድሽን ከፊትሽ አስቀምጪና እያንዳንዱን ስም በየተራ የመጨረሻ ስም አድርገሽ ሞክሪ። ካልሆነ ደውዪ ወይም በአካል ሂጂ። የአሌክሳንድሪያው ፍርድ ቤት 520 ኪንግ ስትሪት ነው። የአርሊንግተኑ 1425 ኖርዝ ኮርትሃውስ ሮድ ነው። ፖሊሱ ወረቀቱን ለማስገባት ቀናት ሊወስድበት ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ካለፈ ግን መግባቱ አይቀርም።

ስታገኚው በጥንቃቄ አንብቢው። ቁጥሩ «ጂ ቲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ ትራፊክ ማለት ነው። ክሱ ጎን 76/55 የሚል ታያለሽ። ከሁሉም በላይ የክሱን ዓይነት እይ። «ኢንፍራክሽን» ካለ የደንብ መተላለፍ ነው። «ሚስዲሚነር» ካለ ወንጀል ነው። የሕጉ ቁጥር 46.2-862 ከሆነ በፍጥነት ምክንያት የመጣ ሬክለስ ነው። የቀጠሮውን ቀን፣ ሰዓትና የችሎቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። እንዲህ ባለ ክስ የቀረ ሰው የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል።

ሬክለስ ክላስ 1 ሚስዲሚነር ነው፤ ከሚስዲሚነሮች ከባዱ ደረጃ ማለት ነው። ሕጉ እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት፣ መንጃ ፈቃድን እስከ 6 ወር ማገድ ይፈቅዳል። በ76 የታሰረ ሰው እኔ አላየሁም፣ አትደንግጪ። እኔን የሚያሳስበኝ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ነው። ዲኤምቪ (የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ) 6 የጥፋት ነጥብ ይመዘግብብሻል። ነጥቡ የሚቆጠርብሽ ለ2 ዓመት ነው፤ ጥፋቱ ግን ሪከርድሽ ላይ ለ11 ዓመት ይቆያል። ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃሉ። «ነጥቡ ወረደልኝ፣ አለቀ» ይላሉ። አላለቀም። ለቀጣሪ የሚወጣው የዲኤምቪ ሪከርድ የ7 ዓመት ታሪክ ያሳያል፤ ለኢንሹራንስ የሚወጣው የ5 ዓመት። የአውቶቡሱ መሥሪያ ቤት የሚያየው የ7 ዓመቱን ነው። እነሱ ሳያዩት አንቺ ቀድመሽ እዪው። ዲኤምቪ ኦንላይን ከ10 ዶላር ባነሰ ይሸጥልሻል። ገና ስላልተፈረደብሽ ይህ ክስ ዛሬ እዚያ ላይ የለም፤ የፍርድ ቤቱ ገጽ ላይ ግን አለ። ሁለቱ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው፤ ዳኛው ሲፈርድ ነው ፍርድ ቤቱ ወደ ዲኤምቪ የሚያስተላልፈው። ያንቺ ዕድል በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሦስት ነገር አድርጊ። የመኪናሽን ፍጥነት መለኪያ አስመርምሪና ወረቀቱን ያዢ፤ ዳኛው እንዲያየው ሕጉ ይፈቅዳል። የዲኤምቪ ሪከርድሽ ንጹሕ ከሆነ አትመሽ ውሰጂ። 8 ሰዓት የሚፈጀውን የአሽከርካሪዎች ትምህርት ከቀጠሮው በፊት ጨርሺ፤ በፈቃድሽ ስትወስጂው 5 መልካም ነጥብ ያስገኛል። ይህም በ24 ወር ውስጥ አንዴ ብቻ ነው። እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣን ሰው ክስ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ወደ ተራ ፍጥነት ዝቅ ሲያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ወንጀልነቱ ይቀራል፣ ሪከርዱም ላይ የሚቆየው 5 ዓመት ነው። እንግሊዝኛው ቢከብድሽ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ በነፃ ነው። ባለቤትሽ ያስተርጉምልኝ አትበዪ፤ በድንጋጤ አንድ ቃል ቢስት ጉዳቱ ያንቺ ነው።

ጠበቃ ልያዝ ወይስ ይቅር ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ ለሌላ ሰው «እንደ አቅምህ» እል ነበር። ላንቺ ግን ያዢ እላለሁ። የዜግነት ማመልከቻሽ ገብቷል። እስር የሌለበት ቀላል የትራፊክ ጉዳይ በዚያ በኩል ብዙውን ጊዜ አነስ ብሎ ይታያል፤ የወንጀል ፍርድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቀጠሮው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃሽ ይስማው። የአውቶቡሱ ነገርም አለ። ሲዲኤል (እንደ አውቶቡስ ያለ ከባድ መኪና የሚያስነዳ መንጃ ፈቃድ) የያዘን ሰው ጥፋት ፍርድ ቤት ሸፋፍኖ እንዳያልፍ የፌዴራል ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ ጠበቃሽ ሥራውን እንዳመለከትሽ ይወቅ።

ፍርዱ ካልጣመሽ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ በይ። ከፍ ያለው ፍርድ ቤት፣ ሰርኪውት ኮርት፣ ጉዳዩን እንደ አዲስ ያየዋል። መጨረሻው ምንም ይሁን ምን፣ ማኅተም ያለበትን የውሳኔ ቅጂ ከጸሐፊዋ ተቀብለሽ ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪው። ፍርድ ቤቱ እነዚህን ፋይሎች የሚያቆየው 10 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ከትምህርት ቤት አጠገብ ካሜራ አንስቶኝ የ100 ዶላር ትኬት ቤቴ መጣ። ነጥብ ያስቆርጣል ወይ? መኪናውን የነዳው ደግሞ ወንድሜ ነው። ከስፕሪንግፊልድ

መልስ፦ አያስቆርጥም። የቨርጂኒያ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት ከ100 ዶላር አይበልጥም። የመንጃ ሪከርድህ ላይ አይገባም፣ ኢንሹራንስም ሊጠቀምበት አይችልም። አንተ እንዳልነዳህ በቃለ መሐላ አረጋግጠህ መላክ ትችላለህ። ትኬቱ ላይ የተጻፈው ቀነ ገደብ ሳያልፍ ላከው።