«እኔ በር ላይ ብቻ ነበርኩ»

ልጆቼ፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ጥብቅና ስሠራ ከወጣት ተከሳሾች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል ይህ ነው። «እኔ አልገባሁም፤ በር ላይ ብቻ ነበርኩ።» ከልባቸው ነው የሚሉት። የሚያድናቸው ይመስላቸዋል። ዳኛው ግን የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሎቹ ሲሰርቁ አንተ ትጠብቅ እንደነበር በገዛ አፍህ ተናገርህ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራውን ስርቆት በአንቀጽ 665 ይቀጣል፤ ጣሪያው 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፣ በቀላል እስራትም ሊያልፍ ይችላል። ከባድ ስርቆት አንቀጽ 669 ነው፤ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ብዙ ጊዜ የዕቃው ዋጋ ሳይሆን የተወሰደበት መንገድ ነው። ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ስልክ ያነሳና ያንኑ ስልክ ከሱቅ ጓጉንቸር ሰብሮ የወሰደ በአንድ አንቀጽ አይከሰሱም። ችሎት ላይ በኤግዚቢትነት የሚቀርበውን አይቼዋለሁ፤ የተጣመመ ጓጉንቸር፣ አጠገቡ አንድ ክንድ የሚሆን ፌሮ ብረት፣ በሲባጎ የታሰረች ወረቀት። ስልኩ ከሁሉም ያነሰ ነበር።

ባለቤቱ ነቅቶ ብትገፈትሩት ወይም ብታስፈራሩት ደግሞ ነገሩ ወደ ውንብድና ሊያልፍ ይችላል። በር ላይ የቆመውም በአንቀጽ 32 መሠረት በሐሳቡና በድርጊቱ ተካፋይ ከሆነ ዋና ወንጀል አድራጊ ነው፤ ከዚያ ቢያንስ እንኳ አባሪ፣ ማለትም ወንጀሉ ሲፈጸም የረዳ ተብሎ ይከሰሳል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ በርካሽ የገዛም የራሱ አንቀጽ አለው።

በእኛ አገር ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በዕርቁ ነው። አያቶቻችን ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ይመካከራል። ዛሬም ሽማግሌ ይገባል፣ ዕቃው ይመለሳል፣ ካሣ ይከፈላል። ደግ ነገር ነው፤ እኔም አበረታታለሁ። አንዲት እናት ላሟን ሸጣ ካሣ ከፍላ፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጣ «ታርቀናል እኮ፣ ምን ቀረ?» ስትለኝ ግን መልሱ ከብዶኛል። ሱቅ ሰብሮ መስረቅ በተበዳዩ አቤቱታ ብቻ የሚቆምና የሚቀጥል ክስ አይደለም፤ ባለሱቁ ይቅር ቢልም ዐቃቤ ሕግ ይቀጥላል። ዕርቁና ካሣው የሚያገለግሉት ለቅጣት ማቅለያ ነው፤ ይህም ቀላል አይደለም፣ ዓመታት ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ዕርቁ በጽሑፍ ይሁን፣ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙበት።

ከተያዛችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለባችሁ፤ የጉዞው ጊዜ አይታሰብም፣ ከሩቅ ወረዳ ለሚመጣ ይህ ልዩነት አለው። ዝም የማለት መብት ሕገ መንግሥታዊ ነው። አፍራችሁ ወይም ጓደኛ ለማዳን ብላችሁ የምትናገሩት ተጽፎ ይቀራል፤ በተለይ ዳኛ ፊት የተሰጠ የእምነት ቃል በኋላ «ተገድጄ ነው» ቢባል ማፍረሱ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ዋስትና በዚህ ክስ በመርሕ አይከለከልም። የሚከለከለው ዳኛው «ይጠፋል» ወይም «ምስክር ያባብላል» ብሎ ሲሰጋ ነው፤ ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ላይ ስጋቱ ይበረታል። አባት ወይም አጎት በቀጠሮው ቀን ችሎት መገኘቱ ከእኔ ክርክር የበለጠ የሚረዳበት ጊዜ አለ።

ሲመጡም ዕድሜያችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይያዙ። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የሚዳኘው በተለየ ሥርዓት ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በተራው ሕግ ቢከሰስም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ማቅለል ይችላል። መርማሪው ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜን በግምት ይጽፋል፤ ቁመቱ የረዘመ የ14 ዓመት ልጅ መዝገቡ ላይ 19 ሆኖ አግኝቻለሁ። የልደት ምስክር ወረቀት ከሌለ የትምህርት ቤት ካርድ፣ እሱም ከሌለ የክርስትና ማስረጃ ይፈለግ፤ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት።