ማንም ያልነካው ፋይል «ተቀይሯል» ሲባል፣ ስሌት ሲበላሽ ደግሞ ያበላሸውን ኮሚት ስለ መፈለግ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ የጻፉልን እህታችን የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ሦስት ሆነው በሚሠሩት የመጋዘን ፕሮግራም ውስጥ ማንም ያልነካቸው ፋይሎች በጊት (የፕሮግራም ፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ በሚያስቀምጠው መሣሪያ) ስታተስ «ተቀይረዋል» ተብለው ለምን እንደሚወጡ፣ እንዲሁም ትናንት በትክክል ይሠራ የነበረ ስሌት ዛሬ ሲሳሳት ያሳሳተውን ኮሚት (በጊት የተመዘገበ ለውጥ) እንዴት ማግኘት እንደሚቻል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ለጅምላ ሱቆች የሽያጭ መመዝገቢያ ከሚሠሩት አንዱ ነኝ፤ ሁለቱም ደርሰውብናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ የመስመር መጨረሻ ነው። ዊንዶውስ መስመር የሚዘጋው በሁለት ስውር ምልክቶች ሲሆን ሊኑክስ ግን በአንድ ብቻ ይዘጋል። ጊት የሚያየው ፋይሉ የተነካበትን ሰዓት ሳይሆን ይዘቱን ስለሆነ፣ ፋይል ከፍቶ ሳይለውጡ መልሶ ማስቀመጥ እንደ ለውጥ አይቆጠርም፤ በየመስመሩ ጫፍ አንድ ስውር ምልክት ከተጨመረ ግን ለዓይናችን ምንም ባይታይም ፋይሉ በሙሉ ሌላ ፋይል ሆኗል። የተለወጡ መስመሮችን የሚያሳየውን ጊት ዲፍ ሲከፍቱ ሁሉም መስመር በቀይ ተሰርዞ ያው ራሱ በአረንጓዴ ተመልሶ ከታየ፣ የመስመር መጨረሻን እንዲተው የሚያዘውን አማራጭ ሲጨምሩ ደግሞ ዲፉ ባዶ ከሆነ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። መፍትሔው በፕሮጀክቱ ዋና ማህደር ውስጥ ጊት ፋይሎችን እንዴት እንደሚይዝ የሚነግረውን የጊት አትሪቢውትስ ፋይል አስቀምጦ ለሁሉም ፋይሎች «ቴክስት» የሚለውን ባሕርይ «አውቶ» ማድረግ፣ ቀጥሎም ጊት አድን (ለውጥን ለኮሚት የሚያዘጋጀውን ትእዛዝ) የመስመር መጨረሻዎችን አንድ ዓይነት ከሚያደርገው «ሪኖርማላይዝ» አማራጭ ጋር አስኬዶ ውጤቱን ለብቻው፣ ከሌላ ለውጥ ሳይቀላቀል ኮሚት ማድረግ ነው። ይህን ከማድረግዎ በፊት ሁለቱ ባልደረቦችዎ በእጃቸው ያለውን ሥራ ፑሽ አድርገው (ወደ ጋራው ማከማቻ ልከው) ይጨርሱ፤ አለበለዚያ ኋላ ሲያዋህዱ በየፋይሉ ግጭት ይገጥማቸዋል።

ኔትዎርክ ሲጠፋ ማህደሩን በፍላሽ ይዘው የሚመላለሱ ከሆነ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ በፍላሽ ሲገለበጥ የፋይሉ ፈቃድ ስለሚቀየር ዲፉ ከ100644 (ተራ ፋይል) ወደ 100755 (እንደ ፕሮግራም የሚሄድ ፋይል) ብቻ ብሎ ያቆማል። እኛ ደሴ ካለው ባልደረባችን ጋር ማህደሩን መገልበጡን ትተን በጊት በንድል አንድ ፋይል አድርገን መላክ ከጀመርን ወዲህ ይህ ቀርቷል። የፋይል ስም በአማርኛ ከጻፋችሁም «ደረሰኝ» የሚለው በ341 እየጀመረ በሚደጋገም የቁጥር ሰልፍ ቢወጣ አትደንግጡ፤ እያንዳንዱ ፊደል በሦስት ባይት ስለሚቀመጥ አራቱ ፊደላት 12 ቁጥር ሆነው ነው፤ «ኮር ኮት ፓዝ» የሚለውን ቅንብር «ፎልስ» ስታደርጉት ስሙ በፊደል ይነበባል።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፤ በዚህኛው ብዙ ደክሜበታለሁ። የአንድ ደንበኛችን ሒሳብ ሹም ደረሰኙ ከእሳቸው ስሌት በ1 ሳንቲም እንደሚበልጥ ነገሩን። ዋጋቸው 10.30 ብር የሆኑ ሦስት ዕቃዎች ሲሸጡ ድምሩ 30.90 ነው፤ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ 4.635፣ ሲጠጋጋ 4.64 ይሆናል። የእኛ ፕሮግራም ግን የየዕቃውን ታክስ 1.545 አስልቶ ወደ 1.55 ካጠጋጋ በኋላ ይደምርና 4.65 ያወጣ ጀመር። ቀድሞ በትክክል ይሠራ እንደነበር እናውቃለን፤ በመካከል 300 ያህል ኮሚቶች አሉ። አንድ በአንድ ማንበብ ስለማይሞከር ጊት ቢሴክትን ተጠቀምን። ደህና የነበረውን ኮሚትና የተበላሸውን ሲነግሩት መካከለኛውን አውጥቶ ይሰጣል፤ ፈትሸው ሲመልሱለት ግማሹን ይጥላል፤ ስለዚህ 300 ኮሚት ከ9 ባልበለጠ ሙከራ ያልቃል። እነዚያን ሦስት ዕቃዎች አስልቶ 4.64 የሚጠብቅ አጭር ስክሪፕት ጽፈን በ«ቢሴክት ራን» ሰጠነው፤ ስክሪፕቱ ትክክል ሲሆን 0፣ ሲሳሳት 1፣ ፕሮግራሙ ጭራሽ ካልተነሣ ደግሞ ያን ኮሚት እንዲያልፈው 125 ይመልሳል።

ቢሴክት ኮሚቱን አገኘው፤ ችግሩ ኮሚቱ ራሱ ነበር። ርእሱ «ልዩ ልዩ ማስተካከያ» ይላል፤ በውስጡ ከ40 በላይ ፋይሎች ተነክተዋል፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። የተሳሳተችውን መስመር ከዚያ ውስጥ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብን። ጊት የሚነግረን እኛ ነጣጥለን ያስቀመጥንለትን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ኮሚት አንድ ነገር ብቻ እንዲይዝ አደርጋለሁ፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት ለውጥ ካለ ጊት አድን «ፓች» በሚለው አማራጭ እከፍትና ቁራጭ በቁራጭ እመርጣለሁ፤ የመረጥኩትንም ለኮሚት የተዘጋጀውን ብቻ በሚያሳየው በ«ስቴጅድ» ዲፍ ሳላነብ ኮሚት አላደርግም።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ሙከራ ስታስኬዱ የሚፈተነው በማህደራችሁ ውስጥ ያለው ሁሉ እንጂ ኮሚት የምታደርጉት ብቻ አይደለም። አዲስ የፈጠራችሁትን ፋይል አድ ማድረግ ብትረሱ በእናንተ ማሽን ላይ ሁሉም ያልፋል፤ ባልደረባችሁ ሲያወርደው ግን ፕሮግራሙ አይነሣም። ስለዚህ ፑሽ ከማድረጌ በፊት በጊት ወርክትሪ ኮሚቱን በሌላ ባዶ ማህደር እከፍትና ሙከራውን እዚያ አስኬዳለሁ።

እህታችን፣ ቢሴክት ለመጀመር ደህና መሆኑን እርግጠኛ የሆኑበት አንድ ኮሚት ያስፈልግዎታል። ከማስታወስ ይልቅ የመጋዘኑ ሠራተኛ ቆጥሮ ያመሳከረውን የመጨረሻውን የታተመ ወረቀት ይፈልጉ፤ በላዩ ላይ ያለውን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጠው ለጊት ሎግ «ቢፎር» በሚለው አማራጭ ሲሰጡት፣ መጀመሪያ የሚወጣውን ኮሚት ከፍተው ስሌቱን በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ይሞክሩና ትክክል ከሆነ ከዚያ ይነሡ።