የአያቴ ስኳር ማስቀመጫ

ጥያቄ፦ የአያቴ የብር ስኳር ማስቀመጫ ላይ ሐረግ ተቀርጿል። ከሥሩ ትንሽ አንበሳና የሴት ጭንቅላት አለ። ዘመዶቼ «የይሁዳ አንበሳ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዘመዶችዎን ማስቀየሜ አይደለም፤ ግን አንበሳው እንግሊዛዊ ነው። የኛው ዘውድ ይጭናል፣ ሰንደቅ ይይዛል። ይሄኛው ባዶ ራሱን፣ አንድ እግሩን አንስቶ ይራመዳል አይደል? እንግሊዞች በብር ዕቃ ላይ የሚመቱት ምልክት ነው፤ ትርጉሙ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ሴትዮዋ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ከሆነች፣ የብሩ ቀረጥ ተከፍሏል ትላለች። ያ ምልክት በ1890 እ.ኤ.አ. ቀርቷል፤ ዕቃዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ሐረጉ ግን የዋዛ አይደለም! በዚያ ዘመን እንግሊዞች በአበባና በቅጠል ይነጋገሩ ነበር። የያዘውን የማይለቀው አይቪ የሚባለው ሐረግ የታማኝነት ምልክት ነው፤ ምናልባት የሰርግ ስጦታ ይሆናል።

ደግሞ በአመድ እንዳይፈትጉት። እኔ የእናቴን ማንኪያ ፈትጌ ንግሥቲቱን አፍንጫ አሳጥቻታለሁ።