ሥልጠናው አለቀ፤ መዝገቡስ ተለወጠ?

የአንባብያን ጥያቄና የሙያ መልስ

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት አሠሪዬ ሦስት ጊዜ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባሕር ዳር ለሥልጠና ልኮኛል፤ የምስክር ወረቀቶቹም ፋይሌ ውስጥ አሉ። በመጨረሻው ሥልጠና አምስት ቀን ሙሉ የተማርነው ባንኮች ሊመለስ ለማይችል ብድር የሚይዙትን መጠባበቂያ አሰላልና ስለ ኪራይ ውል የወጣውን የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ነበር። ወደ ሥራዬ ስመለስ ግን ከተማርኩት በሥራ ላይ ያዋልኩት የለም። ሕጉ በየጊዜው ይለወጣል፤ መንገዱና ኔትወርኩም እንደ ልብ አይደለም። በሙያዬ ወደ ኋላ እንዳልቀር ምን ባደርግ ይሻለኛል?
አንዲት አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሥልጠናው ለሥራዎ ያልጠቀመው በእርስዎ ስንፍና አይደለም። የተማሩትን በሥራ ላይ ሳያውሉት መቅረትዎ እንዲያውም ከስሕተት አድኖዎት ሊሆን ይችላል። ስለ ሂሳብ መግለጫ አቀራረብ በወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሂሳብ መግለጫ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ደረጃ አይከተሉም። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የመሳሰሉት ሙሉውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ መግለጫ አቀራረብ ደረጃ (አይ.ኤፍ.አር.ኤስ.) ሲከተሉ፣ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ለእነሱ የተዘጋጀውን አጠር ያለ ደረጃ ይጠቀማሉ። ለምሳሌ ፋብሪካዎ ለስንዴ ማከማቻ የሚሆን መጋዘን ቡሬ ላይ ለሦስት ዓመት ተከራይቷል እንበል። በሙሉው ደረጃ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተከራዩ የመጠቀም መብቱን በሀብትነት፣ የሚከፍለውን ኪራይ ደግሞ በዕዳነት መመዝገብ አለበት። በአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደረጃ ግን እንዲህ ያለው ተራ ኪራይ በውሉ ዘመን ላይ እኩል ተከፋፍሎ በወጪነት ይያዛል። ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት የውጭ ኦዲተራችሁን ወይም ሥራ አስኪያጁን "ድርጅታችን የትኛውን ደረጃ ነው የሚከተለው?" ብለው ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይያዙ። አጠር ያለው ደረጃ የእናንተ ከሆነ፣ ሦስተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለሚውልና ስለ ሽያጭ ገቢ የሚናገረው ክፍል እንደ አዲስ ስለተጻፈ፣ የሚቀጥለው ሥልጠናዎ በእሱ ላይ ቢሆን ድካምዎ ከንቱ አይቀርም።

በሙያችን የሚሰጠው ተከታታይ ትምህርት የጎደለው ነገር እንዲህ ያለው መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ትምህርቱ ከባለሙያው መዝገብ ተነሥቶ ወደ መዝገቡ ካልተመለሰ፣ የሰዓቱ ብዛት ብቻውን ሰውን አያሳድግም።

ይህን የምለው በእጄ ካለፈ ነገር ተነሥቼ ነው። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ወጥቶ ግብር የማይከፈልበት የወር ደመወዝ ከ150 ብር ወደ 600 ብር ከፍ ሲል፣ በተሰጠው ገለጻ ላይ ተገኝቼ ማስታወሻዬን ሞልቼ ተመለስኩ። በዚያን ጊዜ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የደመወዝ መክፈያው በኤክሴል የተሠራ ነበር። በግልጽ የሚታየውን ሠንጠረዥ አስተካከልኩና፣ ለትርፍ ሰዓት ክፍያ በተደበቀ ዓምድ ውስጥ የተቀመጠውን የድሮ ቀመር ሳላይ አለፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ ትርፍ ሰዓት የሠሩ ጥበቃዎች ከሚገባቸው በላይ ግብር ተቆረጠባቸው። ስሕተቱን ያገኙት አንድ አዛውንት ጥበቃ ነበሩ፤ ሁለት የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው "ልጄ፣ ከነዚህ የቱ ነው ትክክሉ?" አሉኝ። ገንዘቡ ተመለሰላቸው፤ እኔ ግን ያን ጥያቄያቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያው ፈተና አሁን ተመልሶ መጥቷል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር አሳድጎታል፤ የማስከፈያ እርከኖቹም ተለውጠዋል። የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነን ሠራተኛ እንውሰድ። በቀድሞው ስሌት ደመወዙ በ30 በመቶ ተባዝቶ ለታችኞቹ እርከኖች ማካካሻ 955 ብር ሲቀነስለት ግብሩ 1,745 ብር ነበር፤ በአዲሱ በ25 በመቶ ተባዝቶ 850 ብር ሲቀነስለት 1,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 345 ብር፣ በዓመት 4,140 ብር ነው። ከሠራተኛው የሚቆረጠው የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 630 ብሩ፣ ግን እንዳለ ነው። ይህን ስሌት ለመረዳት ሩብ ሰዓት ይበቃል። አስቸጋሪው የድሮው ቀመር በየትኛው ገጽና በየትኛው ዓምድ ተደብቆ እንደቀረ ፈልጎ ማግኘቱ ነው፤ ይህም የራስን የደመወዝ መክፈያ በፍላሽ ይዞ ሥልጠና ላይ በመቀመጥ እንጂ የአሠልጣኙን ስላይድ በማየት አይገኝም።

ከቀመር ያለፈ ማመዛዘን የሚጠይቅም አለ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ፋብሪካ ከውጭ ላስመጣው ወፍጮ በዶላር የሚከፈል ዕዳ ቢኖርበትና ሂሳቡን ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ቢዘጋ፣ ዕዳው በየትኛው ምንዛሪ ይመዘገባል? መልሱ ሰኔ 30 በነበረው ነው፤ ለውጡ ከመዝጊያው ቀን በኋላ የተከሰተ በመሆኑ አሃዙን አያስተካክልም። ለውጡ ከባድ ስለሆነ ግን ከሂሳብ መግለጫው ጋር በሚያያዘው ማብራሪያ ውስጥ መገለጽ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት መዝጊያ ዕዳው በወቅቱ ምንዛሪ እንደገና ይሰላል፤ የወፍጮው ዋጋ ግን መጀመሪያ በተመዘገበበት ይቆያል። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ቢያልፍ፣ ከአምስት ቀን ጥድፊያ ይበልጥ ያስተምራል።

መንገዱንና ኔትወርኩን ስላነሡ፣ የማምነውን ልንገርዎት። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ አይመረቅም፤ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ በጉባኤው ፊትም ይታረማል። በፍኖተ ሰላም ያሉ አምስት ወይም ስድስት ሂሳብ ሠራተኞች በወር አንድ ቀን ቢገናኙ፣ በየተራም አንዱ ከሥራው ያስቸገረውን ጉዳይ የድርጅቱንና የሰዎቹን ስም ሳይጠቅስ ቢያቀርብና ቢታረም፣ ያ ትምህርት ቤት ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ መምህራንን መጋበዝም ይቻላል። አዋጆቹንና ደረጃዎቹን ኔትወርክ በተገኘበት ቀን በፍላሽ መያዝ፣ አንዱ የያዘውን ለሌላው መገልበጥ ነው። ከዚያም ቀኑን፣ የተነጋገራችሁበትን ጉዳይ፣ በመዝገባችሁ ላይ በዚያ ምክንያት የተለወጠውን ነገር በደብተር ጻፉ፤ የተገኙትም ይፈርሙ። ለሂሳብ ባለሙያዎች የወጣው ዓለም አቀፉ የትምህርት ደረጃ ቁጥር 7 ለብዙ ዓመት ሲያሠራበት የቆየው መለኪያ በሦስት ዓመት 120 ሰዓት ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 60ው በማስረጃ የሚረጋገጥ መሆን ይገባዋል። ይኸው ደረጃ ትምህርት በሰዓት ብቻ ሳይሆን በተገኘው ውጤትም እንዲመዘን ስለሚፈቅድ፣ ከተሰብሳቢው ፊርማ ይልቅ "ምን ተለወጠ?" የሚለው ዓምድ የደብተሩ ዋና ክፍል ይሁን።

ጥያቄ፦ በዳንግላ ከተማ የግንባታ ዕቃ መደብር አለኝ። ሂሳብ ሠራተኛዬን ከፍዬ ባሠለጥነው በማግሥቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ታዲያ ለምን ላሠልጥነው?
ነጋዴ፣ ከዳንግላ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ሥጋትዎ እውነት ነው፤ የሚሄዱ አሉ። ሳይሠለጥን አብሮዎት የሚቆየው ሠራተኛ የሚያስከፍልዎትንም አብረው ያስቡ። ከደመወዝ ላይ ተቀንሶ ገቢ መሆን የነበረበት ግብር ሳይቀነስ ቢቀር ተጠያቂው አሠሪው ነው፤ ከሚገባው በላይ ከተቆረጠም የሠራተኛ ገንዘብ በእጅዎ ገብቷል ማለት ነው። የ1994ቱን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ በኋላም የሠራተኛዎ ዕውቀት በድሮው ላይ ቆሞ ከሆነ፣ በየወሩ የሚፈርሙበት የታክስ ማስታወቂያ አሳሳቢ ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት የሥልጠናውን ወጪና ከዚያ በኋላ የሚያገለግልበትን ጊዜ በጽሑፍ ተስማሙ። ሲመለስ ደግሞ የምስክር ወረቀቱን ከማየትዎ በፊት የተማረውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ በመደብሩ አሠራር ላይ የሚለወጠውን በፒችትሪው (በሂሳብ መመዝገቢያው ሶፍትዌር) ወይም በመዝገቡ ላይ እያሳየ እንዲያስረዳዎት ያድርጉ። ያ ገጽ በፋይል ይቀመጥ፤ እሱ ቢሄድም ቀጣዩ ሠራተኛ ከዚያ ይጀምራል።